የሃምሳ አለቃ ፔራልታ ፋይል

ጠጋ በሉ፤ ይህን ነገር ጮክ ብዬ አላወራውም።

ጁን 8 ቀን 2015 (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ካሊፎርኒያ በሚገኘው የካምፕ ፔንድልተን የማሪን ጦር ሰፈር፣ ወይዘሮ ሮዛ ፔራልታ በጦርነት የሞተ ልጃቸውን ኒሻን ተቀበሉ። ያስረከቧቸው የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ሬይ ሜበስ ነበሩ። ኒሻኑ የባሕር ኃይል መስቀል ይባላል፤ ለማሪኖች ከክብር ሜዳይ ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ሽልማት ነው። በቴሌቪዥን ያየ ሰው እናት አለቀሱ፣ ሚኒስትር አመሰገኑ ብሎ ያልፋል። የወረቀቱን መንገድ የምናውቅ ሰዎች ግን ሌላ ነገር ነው የምናየው። ይህ ኒሻን የተፈቀደው በ2008 ነው። እናትየው ለሰባት ዓመት ያህል አልቀበልም ብለው ነበር።

ለምን? እሱን ለማወቅ ፋይሉ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ፋይል ደግሞ የእኔ ሠፈር ነው። እኔ በማሪንነት ያገለገልኩት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው፤ ጓደኞቼ መሣሪያህ ስቴፕለር ነው እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። ጀግና ጦር ሜዳ ላይ ይወለድ እንጂ ክርስትና የሚነሳው እኛ ጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንድ ወታደር የሚያስሸልም ነገር ሲሠራ የመቶው ወይም የሻምበሉ አዛዥ የሽልማት ጥያቄ ቅጽ ይሞላል። ከቅጹ ጋር ድርጊቱን በዝርዝር የሚተርክ ማጠቃለያ ይያያዛል። ረቂቅ የሽልማት ጽሑፍ ይጨመራል፤ በሥነ ሥርዓቱ ቀን መድረክ ላይ የሚነበበው እሱ ነው። የዓይን ምስክሮች ቃልም ይገባል፤ ለክብር ሜዳይ ከሆነ ምስክሮቹ ከሁለት ማነስ የለባቸውም፣ ቃላቸውም በመሐላ የተደገፈ መሆን አለበት። ከዚያ ወረቀቱ መውጣት ይጀምራል፦ ሻለቃ፣ ሬጅመንት፣ ክፍለ ጦር፣ የማሪን ጦር ጠቅላይ አዛዥ፣ የባሕር ኃይል ሚኒስትር፣ የመከላከያ ሚኒስትር፣ በመጨረሻም ፕሬዚዳንቱ። በየጠረጴዛው ያለው ሰው «ይገባዋል»፣ «ከፍ ይበል» ወይም «ዝቅ ይበል» ብሎ ይፈርማል።

እዚህ ላይ ነው ሹክሹክታው። የምስክር ቃል የሚሰጠው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ሃያ ዓመቱ ነው። ጓደኛው ከሞተ ሳምንት አልሞላውም፣ እንቅልፍ አልተኛም፣ የእጅ ጽሑፉም አይነበብም። ስለዚህ እሱ ይናገራል፣ ሌላው ይተይባል። የሚተይበው ሰው ዐረፍተ ነገሩን ትንሽ ያቃናለታል። ቀጥሎ የሚመጣውንም እንደዚያው ያቃናለታል። መጨረሻ ላይ ሦስት ምስክሮች በአንድ አፍ የተናገሩ መስለው ይወጣሉ። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ብዙ የቃል ወረቀት ያገላበጠ ጸሐፊ ይህን ሲያይ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። ረቂቁማ አይወራ፤ «ለገዛ ደኅንነቱ ፈጽሞ ሳይጨነቅ» የምትለዋ ሐረግ ስንት ሰው ላይ እንደተለጠፈች እግዚአብሔር ይወቅ።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ።

ራፋኤል ፔራልታ በ1979 ሜክሲኮ ሲቲ ተወለደ። ቲህዋና አደገ፣ ከዚያ ቤተሰቡ ድንበሩን ተሻግሮ ሳን ዲዬጎ ገባ። ግሪን ካርዱ እጁ በገባበት ቀን ማሪን ጦር ለመግባት ተመዘገበ ይላሉ ቤተሰቦቹ። ዜግነቱን ያገኘው ዩኒፎርም ለብሶ ነው። አባቱ ቀድመው ስለሞቱ ቤቱ በእሱ ትከሻ ላይ ነበር፤ እናት አለች፣ ታናናሾች አሉ። የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሰቀላቸው ነገሮች ከሞተ በኋላ ብዙ ተወርቶላቸዋል፦ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት፣ የመብቶች ድንጋጌው፣ የማሪን ሥልጠና የጨረሰበት የምስክር ወረቀት። (የእኛ ልጅ ቢሆን መሃላቸው ቅዱስ ጊዮርጊስን ጣል ያደርግ ነበር።)

ኖቬምበር 2004 ኢራቅ ውስጥ ፋሉጃ ላይ ትልቁ ውጊያ ተከፈተ። ፔራልታ መቀመጫው ሃዋይ በሆነው በሦስተኛው ማሪን ሬጅመንት፣ አንደኛ ሻለቃ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ዕድሜው 25። የፋሉጃ ውጊያ ማለት ቤት ለቤት ነው። በር ትሰብራለህ፣ ትገባለህ፣ ሰው ካለ ይተኩስብሃል፣ ከሌለ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለህ። ኖቬምበር 15 ቀን ጠዋት በር እየሰበረ ፊት ፊት መግባት የእሱ ግዴታ አልነበረም። የሰው እጥረት ስላለ በፈቃዱ ገባ። አንድ ቤት ውስጥ የኋለኛውን ክፍል በር ሲከፍት ውስጥ የተደበቁት ተኮሱበት፤ ወደቀ። ከኋላው የነበሩት ማሪኖች አጸፋ መለሱ። ጠባብ ክፍል፣ ጢስ፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚበር ጥይት። ከዚያ ከውስጥ የእጅ ቦምብ ተወረወረ። ፈነዳ። ፔራልታ ሞተ፤ አጠገቡ የነበሩት ተረፉ።

እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። የሚያከራክረው በመውደቁና በፍንዳታው መካከል ያለችው ጥቂት ሴኮንድ ናት። ጓዶቹ እንዳሉት ፔራልታ ወለሉ ላይ እንደተኛ እጁን ዘርግቶ ቦምቡን ወደ ሰውነቱ ሳበው፣ ፍንዳታውንም በደረቱ ተቀበለ። ታሪኩን መጀመሪያ ለዓለም የጻፈው ከእነሱ ጋር የተሰለፈ የማሪን ጦሩ የራሱ ጋዜጠኛ ነበር። ታሪኩ እንደ እሳት ተዛመተ፤ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ተሠራበት፣ ኦኪናዋ ላይ ሕንጻ በስሙ ተሰየመ።

ፋይሉ ለክብር ሜዳይ ወጣ። ማሪን ጦሩ አጸደቀው። የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ዶናልድ ዊንተር አጸደቁት። ይህን ሁሉ ደረጃ ያለፈ ፋይል ከዚያ በላይ ይወድቃል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

ወደቀ። የወደቀው ደግሞ በአስከሬን ምርመራው ወረቀት ነው። ፔራልታ ጭንቅላቱ ላይ የጥይት ስብርባሪ ነበረበት፤ ስብርባሪው የገባው ከኋላ ነው፣ ምናልባትም የወገን ጥይት ነጥሮ። «የወገን ጥይት» የሚለውን ቃል ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማንም በሙሉ ድምፅ አይጠራውም። ጥያቄው ግን ከዚያ ይከብዳል፦ እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰው አስቦ እጁን መዘርጋት ይችላል? ቦምቡስ የፈነዳው ከሥሩ ነው ወይስ ከጎኑ? የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ መጀመሪያ ለመፍቀድ ተዘጋጅተው ነበር። ከዚያ ነገሩ ከሕክምና ማስረጃው ጋር አይገጥምም የሚል አቤቱታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ደረሰ። እንዲህ ዓይነት አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው በአብዛኛው ፋይሉን ቀድሞ ያነበበ፣ ለማንም ሳይናገር ለወራት ሲብሰለሰል የቆየ ሰው ነው። እኔ አልፈርድበትም።

ጌትስ አምስት ሰው ያለበት ቡድን አቋቋሙ። ከአምስቱ አንዱ ኢራቅ ላይ ጦር የመሩ ጡረተኛ ጄኔራል፣ አንዱ ራሳቸው የክብር ሜዳይ የተሸለሙ አርበኛ፣ ሌሎቹ የጭንቅላት ቀዶ ሐኪምና የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎች ነበሩ። አምስቱም አንድ መልስ ሰጡ፤ ማስረጃው ለክብር ሜዳይ ከሚጠየቀው ልክ አይደርስም። ልኩ ምን መሰላችሁ? ጥርጣሬ የሌለበት፣ ስሕተት ሊኖርበት የማይችል ማስረጃ ነው የሚፈለገው። የቀጥታ ካሜራ ካልነበረ በስተቀር በጢስ በተሞላ ክፍል ውስጥ ለተፈጸመ ነገር ይህን ማስረጃ ማን ያመጣል?

ሴፕቴምበር 2008 አንድ ጄኔራል ለወይዘሮ ሮዛ ነገሯቸው፦ ልጅዎ የክብር ሜዳይ አያገኝም፣ የባሕር ኃይል መስቀል ያገኛል። ሴትየዋ አልቀበልም አሉ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፤ ለዚህ ነው ጠጋ በሉ ያልኳችሁ። የባሕር ኃይል መስቀሉን የሽልማት ጽሑፍ አውጥታችሁ አንብቡት። በመንግሥት የታተመ ነው፣ ምሥጢር አይደለም። ሃምሳ አለቃ ፔራልታ እጁን ዘርግቶ ቦምቡን ወደ ሰውነቱ ሳበ፣ አጠገቡ ያሉትን ጓዶቹን አዳነ ይላል። አልተረጋገጠም ተብሎ የክብር ሜዳዩ የተከለከለበት ድርጊት፣ ቃል በቃል በሚባል ደረጃ፣ በሁለተኛው ኒሻን ላይ እንደተረጋገጠ ተጽፎ ወጣ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ልጅ፣ ሁለት ወረቀት፤ አንዱ አልተረጋገጠም ይላል፣ ሌላው አድርጓል ይላል።

ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን ያውቃል። ፋይል ዝቅ ሲል ረቂቁን እንደ አዲስ የሚጽፈው የለም። የኒሻኑ ስም ይቀየራል፣ አንዳንድ ቅጽል ይነሳል፣ ትረካው እንዳለ ይቀራል። ግማሹ ስንፍና ነው፤ ግማሹ ደግሞ ይሉኝታ። ሟች ነው፣ እናት ትጠብቃለች፣ ማን እጁን አንስቶ «ይህቺን ዐረፍተ ነገር እናውጣት» ይላል? ሁለቱንም ወገን ለማስደሰት የተጻፈ ወረቀት ሁለቱንም አስቀየመ። ተጠራጣሪዎቹ ውሸት በመንግሥት ማኅተም ወጣ አሉ። ቤተሰቡ ደግሞ አድርጓል ካላችሁ ለምን ትከለክሉታላችሁ አለ። እኔን ብትጠይቁኝ የእናትየው ጥያቄ መልስ የለውም፤ እስከ ዛሬም አልተሰጠውም።

ነገሩ ይበልጥ የሚያንገበግበው ከአሥር አለቃ ጄሰን ደንሃም ፋይል ጋር ሲያስተያዩት ነው። ደንሃም የኒው ዮርክ ገጠር ልጅ ነው። የተወለደው ኖቬምበር 10 ቀን ነው፤ ማሪን ጦሩ ራሱ የተመሠረተበት ቀን። ኤፕሪል 14 ቀን 2004 ኢራቅ ውስጥ በሶሪያ ድንበር አካባቢ ከአንድ ሰው ጋር ሲታገል ሰውየው የእጅ ቦምብ ለቀቀ። ደንሃም የራስ ቁሩን አውልቆ ቦምቡ ላይ ደፋው፣ በላዩም ተኛበት። ከስምንት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ፤ አጠገቡ የነበሩት ሁለት ማሪኖች ቆስለው ተረፉ። ከዚያ በፊት ከጓዶቹ ጋር ስለዚሁ ነገር ተከራክሮ ነበር፦ የራስ ቁር ቦምብ ይችላል ወይስ አይችልም? ቁሩ ብጥስጥሱ ወጥቶ ተገኘ። ታሪኩ መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን ጓዶቹ ያሉት እንዲህ አድርጓል ብለን እናምናለን ነበር። ቁሩን ሲደፋው በዓይኔ በብረቱ አየሁ ያለ አልነበረም። ፋይሉ አለፈ፤ ጃንዋሪ 11 ቀን 2007 ፕሬዚዳንት ቡሽ ሜዳዩን ለወላጆቹ አስረከቡ። ከቬትናም ወዲህ ለማሪን የተሰጠ የመጀመሪያው የክብር ሜዳይ ነበር።

ደንሃም አይገባውም አላልኩም፤ ማንም ቢለኝ እጣላዋለሁ። ልዩነቱን ግን ፋይል የሚያውቅ ሰው ያየዋል። የደንሃም ፋይል ውስጥ የተበጣጠሰ የራስ ቁር አለ። የፔራልታ ፋይል ውስጥ ከኋላ የገባ ስብርባሪ አለ። አንዱ ዕቃ ታሪኩን ይደግፋል፣ ሌላው ይጠይቀዋል። የሁለቱ ልጆች ልብ ግን የትኛውም ፋይል ውስጥ አይገኝም።

በ2008 መጨረሻ ከኢራቅ ጦርነት የክብር ሜዳይ ያገኙት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱም ሞተዋል፤ ከአራቱ ሦስቱ ቦምብ ላይ የወደቁ ናቸው። ሰው ይህን ሲያይ በሕይወት የተረፈ ጀግና የለም ወይ ማለቱ አልቀረም። በ2014 የተሸለመው ማሪን ካይል ካርፔንተር አፍጋኒስታን ውስጥ ከቦምብ ፊት ራሱን ጥሎ ተርፏል፤ እሱም ቢሆን ፋይሉ ለዓመታት ተመርምሯል።

የፔራልታ ነገር በዚያ አላበቃም። የሳን ዲዬጎ አካባቢው የምክር ቤት አባል ደንካን ሃንተር፣ ራሳቸውም ፋሉጃ የነበሩ ማሪን፣ አዲስ ቪዲዮና የሕክምና አስተያየት ይዘው ደጋግመው አንኳኩ። አንድ የታወቁ የአስከሬን ምርመራ ሐኪም፣ ቁስሉ ወዲያው አያደነዝዝም፣ እጁን መዘርጋት ይችል ነበር አሉ። ከጌትስ በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር የሆኑት ሊዮን ፓኔታ በ2012 አልከፍተውም አሉ። ቸክ ሄግል በ2014 እንደዚያው አሉ። ሦስት የመከላከያ ሚኒስትሮች፣ አንድ መልስ። እኔ እስከማውቀው አንድ ሚኒስትር የቀድሞውን ሚኒስትር የኒሻን ውሳኔ መገልበጥ አይወድም፤ ነገ የእሱንም የሚገለብጥ ይመጣልና።

በዚያው በ2014 መጀመሪያ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። እዚያ ቤት አካባቢ የነበሩ ሁለት ማሪኖች ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ፣ ታሪኩ ከውጊያው በኋላ በጓዶች መሃል የተሰፋ ነው፣ ፔራልታ ቦምቡን አልሳበም አሉ። ሌሎች ጓዶቹ ግን በቃላቸው ጸኑ። ሁለቱን ከሃዲ ያላቸው ብዙ ነው። እኔ ግን የቃል መስጫውን ክፍል ስለማውቀው ፍርዴ እንደዚያ አይፈጥንም። ጓደኛህ ፊት ለፊትህ ሞቷል። ከፊሉ ጥይት ምናልባት ከእናንተ መሣሪያ የወጣ ነው። አንድ ሰው «እጁን ሲዘረጋ አየሁት» ይላል። ያንን ዐረፍተ ነገር አንቀበልም የሚል ማን አለ? ያዩትን ያዩ ይኖራሉ፣ ማየት የፈለጉትን ያዩም ይኖራሉ። አሥር ዓመት ሙሉ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ግን አንድም አላገኘሁም።

በዚህ ሁሉ መሃል አስቂኝ ነገር ልንገራችሁ። በ2012 መጀመሪያ፣ ፓኔታ ፋይሉን አልከፍትም ከማለታቸው በፊት፣ የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ሜበስ አዲስ ዲስትሮየር የጦር መርከብ በፔራልታ ስም ሰየሙ። ጦሩ ባለፈው ላይ መወሰን ሲያቅተው መርከብ ይሰይማል። በ2015 ኦክቶበር 31 ቀን ሜይን ግዛት ባዝ ከተማ ውስጥ ወይዘሮ ሮዛ መርከቧን ባረኩ። ጁላይ 29 ቀን 2017 ሳን ዲዬጎ ላይ ሥራ ጀመረች። የባሕር ኃይል መስቀሉን እናትየው በስተመጨረሻ እሺ ብለው የተቀበሉትም መርከቧ ላይ እንዲቀመጥላቸው ነው።

የሐበሻ ልጆች ይህን ታሪክ ሲሰሙ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ የክብር ሜዳዩን የተከለከለው ስደተኛ ስለሆነ ነው? አይደለም፤ ለዚያ የሚሆን ማስረጃ አላየሁም። ኢራቅ ጦርነት ላይ መጀመሪያ ከወደቁት አሜሪካውያን ወታደሮች አንዱ፣ ጓቴማላ ተወልዶ ያደገው ማሪን ሆሴ ጉቲዬሬዝ፣ በ2003 ማርች በወገን ጥይት ሞቶ ዜግነት የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው፤ ግሪን ካርድ ይዞ ነው የሞተው። በዚያ ዘመን ይህች አገር ለስደተኛ ወታደር ዜግነት መስጠት አይከብዳትም ነበር። የ2009ኙ ማቭኒ የተባለው የምልመላ ፕሮግራም ቋንቋ ለሚያውቁ የውጭ ዜጎች በር ሲከፍት፣ በዝርዝሩ ውስጥ አማርኛም ነበር፤ በተለይ ወደ ምድር ጦሩ የገቡ ልጆች አውቃለሁ። ዜግነቱን በወራት ውስጥ አገኙት። ኒሻን ግን ሌላ ወረቀት ነው፣ በሌላ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል።

እኔ የጽሕፈት ቤት ሰው ስለሆንኩ የምጠይቀውም የጽሕፈት ቤት ነገር ነው። ከሁለቱ ወረቀቶች አንዱ መታረም ነበረበት። ፔራልታ ቦምቡን ስቧል ካልን የክብር ሜዳዩን እንስጠው። አላረጋገጥንም ካልን ጽሑፉን እንለውጠው፤ ያለ ቦምቡ ትረካም ጀግና ነውና። በር የመክፈት ግዴታ ሳይኖርበት የከፈተ፣ መጀመሪያ የገባና የተመታ ሃምሳ አለቃ የባሕር ኃይል መስቀል ለማግኘት የማንም ማስዋቢያ አያስፈልገውም ነበር። ይህን የሚል ረቂቅ ሰባት መስመር አይሞላም፤ እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ እተይበው ነበር።